በግራም የተፈቀደ ኪያር

ቶአ የባሏን የኳንግን ምግብ በሚዛን ማቅረብ የጀመረችው ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የምታውቀው ሚዛን በማሸጊያው ቤት ያለውን፣ ሳጥን ሙሉ ኪያር የሚጫንበትን ትልቁን ብቻ ነበር። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ አንድ ወረቀት ዘርግታ በስተግራ የሚበላውን፣ በስተቀኝ የማይበላውን በጣቷ እየነካች አስረዳቻት። ሙዝ የለም። ብርቱካን የለም። ቲማቲም የለም። የኮኮናት ውሃ በጭራሽ። የዓሣ መረቅ ጨው ነው፤ እሱም የለም። ቶአ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ወደ ግራው ረድፍ ተመለሰችና፣

"ኪያር ይቻላል" አለቻት። "የታመመ ኩላሊት የማያጣራው ፖታሲየም ትንሽ ነው ያለው። ግን ውሃ ስለሆነ በግራም ይቆጠራል።"

"እኛ እኮ ኪያር ነው የምናበቅለው" አለች ቶአ።

"እንግዲያው ዕድለኞች ናችሁ።"

ይህን ቶአ ናት የነገረችኝ። እኔ በእነሱ ማሸጊያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኪያር ስጠቀልል ኖሬያለሁ። እኛ ከሜኮንግ ወንዝ አፍ የመጣን ሰዎች በተወለድንበት ተራ ስለምንጠራራ እኔ "ሰባተኛ" ነኝ፤ እሷ ደግሞ "እህት አራተኛ" ናት። እዚህ አውስትራሊያ፣ ከአዴሌድ ከተማ ወደ ሰሜን ሲወጣ ያለው ሜዳ፣ ቨርጂኒያ የሚባለው፣ ሙሉውን አትክልት የሚበቅልበት የመስታወትና የላስቲክ ቤት ነው። እዚያ ኖሮ ኪያር የማያበቅል ቬትናማዊ ካለ ወይ ጡረታ ወጥቷል ወይ ቲማቲም ያበቅላል።

ኳንግ አጭርና ደረተ ሰፊ ሰው ነበር። አራቱን የመስታወት ቤቶች ከአንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ሲገዛ ግማሹ መስታወት የተሰበረ ነበር ይላሉ፤ አንድ በአንድ የተካው እሱ ራሱ ነው። ከታመመ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳል፤ አምስት አምስት ሰዓት ይተኛል፤ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ ይመስላል። የቀረውን ቀን ሐረጉን በክር እያሰረ፣ ጎን ለጎን የሚወጣውን ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይውላል። በቀን የተፈቀደለት ውሃ ሦስት ብርጭቆ የማይሞላ ነው፤ ያም ሾርባው፣ ሻዩ፣ መድኃኒቱን የሚያወራርድበትና የኪያሩ ውሃ ተደምሮ ነው። ስለዚህ ቶአ ምሳ ላይ ስድሳ ግራም ኪያር ትሰጠዋለች። ስድሳ ግራም ማለት በስሱ ከተቆረጠ አሥር ቁራጭ አይሞላም። አራት ቤት ሙሉ ኪያር ያለው ሰው።

"እኔና ኪያር አንድ ነን" ይለን ነበር። "ከመቶ ዘጠና አምስት እጁ ውሃ፣ የቀረው ልጣጭ።"

እኛ እንስቃለን። ቶአ አትስቅም ነበር፤ ሚዛኑን ታያለች።

የሚገርመው፣ ሌላው ሰው ሁሉ ምንም ዓይነት አመጋገብ ቢከተል ኪያር የሚከለከል አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ግሪካዊት ጎረቤታችን እማማ ስታማቲያ ሲጾሙ ይበሉታል። ዓርብና ረቡዕን አይስቱም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ዘይት እንኳ በማይነኩበት ቀን ኪያር በኮምጣጤ ይበላሉ። የእኛ የቤተ መቅደስ ሴቶች ጨረቃ በወጣችበትና በሞላችበት ቀን ሥጋ ስለማይነኩ ሳጥን ሙሉ ያዙናል። የቶአ ልጅ ዲየም ደግሞ ከተማ ውስጥ በአንድ ስፖርት ቤት ለሰዎች የምግብ ዝርዝር ታወጣለች። እሷ ራሷ ሩዝና ዳቦ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኪቶ ይሉታል። ሩዝ ሳይበላ የሚውል የቬትናም ልጅ በማየቴ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ማሸጊያው ቤት ተገናኘን። ዲየም ስልኳን ሳጥን ላይ አስደግፋ ራሷን ትቀርጻለች።

"ኪቶ ላይ ላላችሁ፣ የኪያር ስኳር ከቁጥር አይገባም፤ ከእንቁላልና ከአቮካዶ ጋር ሞክሩት። ቪጋን የሆናችሁ፣ በቶፉ፣ በአኩሪ አተሩ አይብ። በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ የምትበሉ ደግሞ ጾማችሁን ስትፈቱ በኪያር ጀምሩ፤ ለሆድ ይቀላል።"

እማማ ስታማቲያ ለገበያ የማይሆኑትን ጠማማ ኪያሮች እየመረጡ ነበር። ቀና አሉ።

"ምን ዓይነት ጾም ነው እሱ?"

"ለሰውነት ነው፣ እማማ። አሥራ ስድስት ሰዓት ይጾማል፣ ስምንት ሰዓት ይበላል።"

"ለማን ነው የሚጾመው?"

"ለራስ።"

"ታዲያ ተርበሽ ስትውዪ ማን ያይልሻል?"

"አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ያያታል" አለ ኳንግ ከሳጥኖቹ ኋላ። "ስልኳን ይጠይቁ።"

ዲየም ስልኩን አጠፋች። "ባ፣ አበላሸኸው" አለችው አባቷን።

"የእኔን አመጋገብ ለምን አትቀርጪም? ስሙን 'ስድሳ ግራም' በይው።"

"ያንተ አመጋገብ አይደለም፤ ሕክምና ነው።"

"የእማማስ?"

"የሳቸው ሃይማኖት ነው።"

"የእናትሽስ?"

ዲየም እናቷን አየቻት። ቶአ ቀና ሳትል ኪያሩን በላስቲክ እያለበሰች ላስቲኩን ወደሚያጣብቀው የሙቀት ማሽን ትገፋለች።

"ማማ ከእኛ የተረፈውን ነው የምትበላው" አለች ዲየም። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

የካቲት ገባ። የዚያ ዓመት በጋ ከሌላው ጊዜ የከፋ ነበር፤ አርባ አራት ዲግሪ የደረሰበት ቀን አለ። የመስታወቱን ጣሪያ ኖራ ቀብተነዋል፤ ቢሆንም ውስጡ እንደ ድስት ያፍናል። በእንዲህ ያለ ቀን ጤነኛ ሰው እንኳ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው። ቅዳሜ ነበር። እጥበት የሌለባቸው ሁለቱ ተከታታይ ቀናት፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ለኩላሊት በሽተኛ ክፉ ቀናት ናቸው፤ የጠጣው ሁሉ እስከ ሰኞ እዚያው ይቀመጣል።

ቶአ ክር ልታመጣ ወደ ሦስተኛው ቤት ገባች። ኳንግ በሁለት ረድፍ መካከል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙን ከፍቶታል። ረጅሙን ኪያር በእጁ ሰብሮ ይበላል። እግሩ ሥር የተጣሉት ጫፎች ብዙ ነበሩ፤ ስንት እንደሆኑ አልቆጠረችም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ውሃው በአገጩ ይወርዳል። ጨረሰና እጁን ዘርግቶ ሌላ ቀጠፈ።

እሷ ቆማ አየችው። ከዚያ ዞራ ወጣች። ምሳ ላይ ስድሳ ግራም መዝና አቀረበችለት፤ እሱም በላ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ አጠረ። መተኛት አልቻለም፤ ቀና ብሎ ቢቀመጥም የተሻለ ነገር አልነበረም። አምቡላንስ መጣ። ሳንባው ውሃ ሞልቶ ነበር። በዚያው ቀን አጠቡት፤ ከአራት ኪሎ በላይ ውሃ ወጣለት። ወጣቱ ሐኪም፣

"ምን ጠጥተው ነው?" አለው።

"አልጠጣሁም።"

"እንዴት አልጠጡም? ይኸው ሚዛኑ።"

"ኪያር በላሁ።"

ሐኪሙ ፈገግ ሊል ነበር፤ ኋላ ግን የኳንግን ፊት አይቶ ተወው።

ቶአ ይህን ሁሉ የነገረችኝ በማግስቱ፣ ጎን ለጎን ቆመን ስንጠቀልል ነው። ድምጿ የአየሩን ሁኔታ የምታወራ ይመስል ነበር።

"አይተሽው ለምን አልከለከልሽውም፣ እህት አራተኛ?" አልኳት።

"እንጃ" አለች። "እየበላ ነበር።"

ቀጣዩን ኪያር አንስታ ጠቀለለች።

ኳንግ ከሆስፒታል ሲመለስ ዝምተኛ ሆኖ ነበር። ልቡ ስለደከመ የሰው ኩላሊት እንደማይተከልለት የነገሩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዲየም የራሷን ልትሰጠው ለምና፣ ተመርምራ፣ ሐኪሞቹ ናቸው አይሆንም ያሏት። መጋቢት መጀመሪያ ላይ አንድ ሐሙስ ልጁን ለምሳ ጠራት። እኔንም ቶአ አስገባችኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከእነሱ ጋር እበላ ነበር። ገና የመብያ እንጨታችንን፣ ቾፕስቲኩን፣ ሳናነሳ፣

"ከሰኞ ጀምሮ አልሄድም" አለ።

"ወዴት ነው የማትሄደው?" አለች ዲየም።

"እጥበት። ሐኪሟን አነጋግሬያታለሁ። ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ነው ብላኛለች።"

ዲየም ቾፕስቲኩን አስቀመጠች። "ባ፣ የደከመህ በምግቡ ነው። እኔ ሌላ ዝርዝር አወጣልሃለሁ። ፕሮቲኑን ከፍ እናደርጋለን፤ ውሃውን በበረዶ እንሰጥሃለን፣ ኪያሩን ደግሞ አቀዝቅዤ፣ በስሱ..."

"ዲየም።"

"አድምጠኝ፤ በኪያር ብቻ እንኳ ስንት ነገር መሥራት ይቻላል..."

"ልጄ" አላት፤ "የደከመኝ ምግቡ አይደለም።"

እናቷን አየቻት። "ማ፣ አንቺ ምንም አትዪም?"

ቶአ የባሏን ሳህን ወደሱ ገፋ አደረገች። "ይብላ መጀመሪያ" አለች።

በላን። ዲየም አልበላችም፤ ውጭ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። እኔ በመስኮት አያታለሁ፤ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ጉዳይ አላነሳችም። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ልብሷን ይዛ መጣች።

ሰኞ እለት በየቤቱ የምትዞር ነርስ መጣች። ረጋ ያለች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ነበረች። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ከነገረቻቸው በኋላ፣

"ከእንግዲህ የተከለከለ ምግብ የለም" አለች። "ያሰኛቸውን ይብሉ። ሙዝም፣ ጨውም፣ የፈለጉትን። ውሃውን ብቻ ጥቂት ጥቂት፤ ትንፋሻቸው እንዳይጨንቃቸው።"

"ኪያርስ?" አለች ቶአ።

"ይብሉ።"

"ስንት ግራም?"

ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሚዛን አየች። "መመዘን አያስፈልግም፣ እመቤቴ" አለቻት።

ቶአ ራሷን ነቀነቀች። ሚዛኑ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም። ማግስቱ ጠዋት ሙዙን ልጣ እላዩ ላይ ስታስቀምጠው አየኋት፤ ቁጥሩን አነበበች፣ አንስታ ሳህን ላይ አደረገችው። ኪያሩንም እንዲሁ። ኳንግ አልጋው ላይ ሆኖ ያያታል።

"የዲየም እናት፣ ሚዛኑን ተይው" አላት።

"እሺ" አለች። በማግስቱም መዘነች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ኳንግ ደህና ነበር። ሰው ሁሉ የተከለከለውን ምግብ እየያዘ መጣ። አንዱ ለጋ ኮኮናት፣ ሌላው በዓሣ መረቅ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሌላው ብርቱካን። ማቀዝቀዣው ሞላ። እሱ ግን አንድ ጉርሻ ይቀምሳል፣ "ጥሩ ነው" ይላል፣ ያስቀምጠዋል። አራት ዓመት ሙሉ ሲመኘው የነበረ ምግብ ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ፍላጎቱ ጠፍቶ ነበር። ነርሷ እንዲህ እንደሚሆን ተናግራ ነበር፤ ሆኖም ሰው ስለተነገረው ብቻ አይለምደውም።

እማማ ስታማቲያ በሦስተኛው ቀን መጡ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ይዘው የመጡት ኪያር በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት ነው፤ ዘይት የለበትም። አልጋው አጠገብ ተቀመጡና በሹካ አንድ ሰጡት። አኘከው።

"ያቃጥላል" አለ።

"ያቃጥል። ባሌ የሞተው ፋሲካ ሳይደርስ ነው። ሥጋ አማረኝ አለ፤ እኔ ጾም ነው ብዬ ከለከልኩት። ሃያ ሁለት ዓመቱ።"

"እና ይቅር አለዎት?"

"አልጠየቅሁትም፤ ጾሜ ላይ ነበርኩ።"

ኳንግ ሳቀ። ሲስቅ ትንፋሽ አጠረውና ቶአ ትራሱን ቀና አደረገችለት። እማማ ስታማቲያ ሲወጡ ቶአን በሩ ላይ አቀፏት። ቶአ እጇን አላነሳችም፤ ሲለቋት ወደ ውስጥ ገባች።

በአምስተኛው ቀን ዲየም ከእኩለ ቀን በፊት ምድጃው ላይ ቆመች። የልጅነቷን ምግብ ነበር የምትሠራው፤ ሩዝ፣ በዓሣ መረቅና በስኳር የበሰለ የአሳማ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አጠገቡ የተከተፈ ኪያር። ኳንግ ሌላ ጊዜ ሲታመም ይህን ነበር የሚጠይቀው። ቤቱ በመዓዛው ታወደ። ሳህኑን አዘጋጅታ አልጋው ድረስ ወሰደችለት። ኳንግ አየው።

"ያምራል" አለ።

"ትንሽ ብላ፣ ባ።"

"አልችልም። አንቺ ብዪልኝ።"

"እኔ?"

"አንቺ ብዪ፤ እኔ አያለሁ። ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም ሁለት ዓመት ሙሉ። የበግ ምግብ ነው የምትበዪው፤ ቅጠልና ኪያር።"

"ኪቶ ላይ እንቁላልም አለ እኮ" አለች፤ ድምጿ ግን ልትከራከር የፈለገች ሰው ድምፅ አልነበረም።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ጉርሻ ሩዝ አነሳች፣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ አኘከች። ኳንግ አንገቱን ወደሷ አዙሮ ያያታል። ሌላ አነሳች። የሥጋውን መረቅ አፈሰሰችበት፣ ኪያሩን ጨመረችበት። ስትጨርስ፣

"ድገሚ" አላት።

ደገመች። ሁለተኛውን እንባዋ እየወረደ ነው የበላችው፤ እሷ ግን አላበሰችውም፣ መብላቷን ቀጠለች። ሦስተኛውን ሳህን ቶአ ናት ያመጣችላት። ኳንግ ግማሽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ዲየም ግን የቀረውን ጨርሳ ነው የተነሳችው።

ቶአ በሩ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ትከሻዋን ነካኋት፤ ከእንጨት የተለየ አልነበረም። "ሳህኑ ይታጠብ" ብላ አለፈችኝ።

ኳንግ በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ ሞተ። ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ሄደ፤ መጨረሻው የቱ እንደሆነ ዲየም አላወቀችም፤ ቶአ ናት ያወቀችው። ሰዓቱን አየች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ለነርሷ ስልክ ደወለች። መነኩሴው መጣ። የሐዘን ነጭ ጨርቅ ግንባራችን ላይ አሰርን። በሦስተኛው ቀን እንደ ሥርዓታችን አስከሬኑን አቃጠልነው።

ኪያር ሐዘን አያውቅም። በሙቀት ጊዜ አንድ ቀን ካልተቀጠፈ ይወፍራል፣ ሁለት ቀን ካደረ ቢጫ ይሆናል፣ ሐረጉም ይደክማል። እኛ ሠራተኞቹ ስንቀጥፍ ነበር፤ ቶአ ግን ከማቃጠሉ በማግስቱ ጠዋት ከእኛ በፊት እዚያ ነበረች። ነጩን ጨርቅ እንዳሰረች ትቀጥፋለች። "እረፊ እንጂ" አልናት። "እሺ" አለችና ሌላ ባልዲ አነሳች።

አርባ ዘጠኙ ቀን እስኪያልፍ ሥጋ እንደማትበላ ተናገረች፤ የቤተ መቅደሱ ሥርዓት ነው፣ ማንም አልተገረመም። በየሳምንቱ ጸሎቱ ላይ ትገኛለች። ሰው ሲያጽናናት ታመሰግናለች፤ ሲስቅ ፈገግ ትላለች። አላለቀሰችም። አንድ ቀን ስንጠቀልል፣

"ሰባተኛ፣ ልቤን ብነካው ምንም የለም" አለችኝ። "ጥርስ ሲያወልቁ የሚሰጡት መርፌ አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ይለቀኛል ብዬ እጠብቃለሁ።"

"ይለቅሻል" አልኳት።

አርባ ዘጠኙም አለፈ፤ ክረምቱም ገባ። ዲየም ወደ ከተማ ተመልሳ ሥራዋን ቀጥላለች፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ከእናቷ ጋር ሆና እሁድ ገበያ ላይ ኪያር ትሸጣለች። በሰኔ አንዱ እሁድ አንዲት ደንበኛችን፣ ቀይ ኮፍያ የምታደርግ፣ ኪያሩን እየመረጠች ቶአን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"እንዴት አምሮብሻል" አለቻት። "በጣም ቀጥነሻል። የምን አመጋገብ ነው? ለእኔም ንገሪኝ።"

"ኪያር" አለች ቶአ።

"ኪያር ብቻ?"

ቶአ አሰበች። "አዎ" አለች። "ኪያር ብቻ።"

ሴትዮዋ ስቃ ሦስት ኪያር ጨምራ ገዛች። ዲየም ግን መልስ ልትሰጥ የያዘችውን ሳንቲም እጇ ላይ ጨብጣ ቀረች። የእናቷን አንገት፣ ከሸሚዙ የወጣውን የትከሻ አጥንቷን አየች። ለሌሎች ሰዎች ቀን ከሌት የምግብ ዝርዝር የምታወጣ ልጅ፣ እናቷ ስድስት ኪሎ ወይም ሰባት ኪሎ እስክትቀንስ አላየችም ነበር። እኔም በየቀኑ አጠገቧ ቆሜ አላየሁም። ይህንን ለራሴ ይቅር አልለውም።

"ማ፣ ትናንት ምን በላሽ?"

"ኪያር።"

"ከምን ጋር?"

"ከምንም። እየጠቀለልን እያለ የተሰበረ ይኖራል፤ እሱን በላሁ።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

ቶአ ለማስታወስ ሞከረች። "ዲየም፣ አይርበኝም" አለች። "ሆን ብዬ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች ዲየም።

በዚያው እሁድ ወደ ከተማ አልተመለሰችም። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ ሐኪሟ ሐዘን ነው አለች፣ የምትውጠው ትንሽ ክኒን ጻፈችላት፣ የሚያነጋግራትም ሰው አገኘችላት፣ ቬትናምኛ የሚችል። ዲየም ደግሞ ምንም ዝርዝር አላወጣችም። ጠዋት ጠዋት ቀጭን የሩዝ ገንፎ ትሠራለች፤ ሁለት ሳህን ትቀዳለች፣ አንዱን ለራሷ። ፊት ለፊት ተቀምጣ ትበላለች። እናቷ ካልበላች እሷም ታቆማለች።

"አንቺ ሩዝ አትበዪም አይደል?" አለቻት ቶአ አንድ ቀን።

"አሁን እበላለሁ።"

"አሥራ ሁለት ሺሁ ሰው ምን ይል ይሆን?"

"አሥራ አንድ ሺህ ሆነዋል። የቀሩት ሄደዋል።"

ቶአ በላች። ቀጠለች። አልጣፈጣትም፤ ግን በላች፣ ልክ ሥራ ሲታዘዝ እንደሚሠራ። ሐምሌ ሙሉ እንዲሁ አለፈ። ጉንጯ ትንሽ ሞላ። ከአራቱ ቤቶች ሁለቱን ለአንድ የካምቦዲያ ቤተሰብ አከራየች። ዲየም የስፖርት ቤቱን ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን አደረገችው፤ በቀሩት ቀናት እዚህ ናት፣ ሐረግ ማሰር ተምራለች፤ ከክሩ ይልቅ ጣቷን ነው አብዝታ የምታስረው።

ነሐሴ ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማሸጊያው ቤት ውስጥ የሊባኖስ የሚባሉትን ትናንሽ ኪያሮች በሳጥን እየደረደርኩ ነበር። ወሬ ይዞኝ ግማሹን ሳጥን ጫፋቸውን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አድርጌ ደርድሬዋለሁ። ቶአ መጣች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ቆማ አየችው።

"ሰባተኛ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምን ሆነ?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩሽ ይሄ ነው? ጫፉ ከጫፉ ጋር ነው የሚሄደው። ገዢው ክዳኑን ሲከፍት ኳንግ ሞቶ ቤቱ ፈረሰ ሊል ነው።"

"አስተካክለዋለሁ።"

"አታስተካክዪም። አፍስሺውና ከመጀመሪያው ጀምሪ። ዓይንሽ የት ነው ያለው? ወሬ ስትሰልቂ ትውያለሽ። ሁለት ሰው ቀጥሬ የአንድ ሰው ሥራ ነው የማገኘው። ከዚህ ቀደም ዝም ስላልኩ ነው፤ የዛሬ ሳምንት ያደረግሽውንም አይቼዋለሁ፣ ከዚያ በፊት ያለውንም አይቼዋለሁ።"

ፊቷ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ባለችበት ቆመች፤ የገዛ ድምጿን የሰማች ይመስል። ዓይኗ ሞላ። አንድ ሳጥን ስባ ተቀመጠችበትና ጉልበቷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ ያለው ልቅሶ፣ እንደ ልጅ። ዲየም ከመስታወት ቤቱ ሮጣ መጣች።

እኔ አላባበልኳትም፤ ያ የጥርስ መርፌ ለቋት ነበር። ሳጥኑን ገለበጥኩና ኪያሮቹን ከመጀመሪያው፣ ጫፍ ከጫፍ ጋር አድርጌ መደርደር ጀመርኩ።